የድምቡሼ ባጅ

የማይታይ፣ የማይሸት፣ ኮሽታ የሌለው ነገር ልጅን ቢነካ፣ ቤት የቀረ ሰው በምን ያውቃል?

አያት ይህን ጥያቄ የልጅ ልጃቸው በሩን ዘግታ በወጣች ቁጥር ይጠይቁታል። ሳህን እያጠቡ ይጠይቁታል፣ አልጋ እያነጠፉ ይጠይቁታል፣ መልስ ግን ጠብ አይልም። ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ አለ። ብርድ ቢሆን ሹራብ አለ። መኪናም ቢሆን ግራና ቀኝ አይቶ መሻገር ነው። ጨረር የሚሉት ነገር ግን በየት በኩል ይመጣል ብለው ይጠብቁት?

ልጅቷን ድምቡሼ ይሏታል። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ከአገጯ፣ አገጯ ከደረቷ ተያይዞ አንገት የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ስሙ ያኔ ወጣላት። ዛሬ ዘንግ የመሰለች፣ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ምግብ ሲያቀርቡላት እህል የሚበላ መሆኑን የምትረሳ ተመራማሪ ሆናለች። ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ። እናቷ ሥራ ከከተማ ከተማ ስለሚያዞራት ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሯት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሪ ፈታታ ስትገኝ የገረፏትም እሳቸው ናቸው። አንዳንዴ «ያኔ በደንብ ብገርፋት ኖሮ እዚህ ባልደረሰች» ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ግን እሷ በሌለችበት ነው፣ ያውም ፈገግ ብለው።

የምትሠራው ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። አያት ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባቸው የመስኮቱ ነገር ነው። ሰው ይህን ሁሉ ተምሮ መስኮት ያጣል?

ሥራዋ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አስረድታቸዋለች። ሳህን ማጠቢያውን በውሃ ሞላችና ከቢላው ሥር የሽንኩርት ልጣጭ አንስታ ጣል አደረገችበት። ከዚያ ማንኪያ ይዛ ውሃውን ሰነጠቀችው።

«ይኸውልሽ እማማ። ማንኪያው ሌዘሩ ነው፣ ውሃው ጋዙ ነው። ሌዘሩ ጋዙን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከኋላው ሞገድ ይተዋል። ይቺ ልጣጭ ደግሞ ኤሌክትሮኗ ናት። ሞገዱ ጀርባ ላይ ጉብ ብላ ትጋልባለች።»

«ወዴት ነው የምትጋልበው?»

«ወደፊት ነዋ።»

«ወደፊት ወዴት? ግድግዳው ጋ ስትደርስ ምን ይውጣታል?»

«የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው» አለች ድምቡሼ በደስታ። ሌላው ዓለም ኤሌክትሮን ለማፍጠን መንገድ የሚያህል ረጅም ቱቦ ይዘረጋል፤ እነሱ ግን ከጣት በማይሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ያንኑ ግፊት ሊያገኙ ነው የሚታገሉት። ቢሳካላቸው ማሽኑ አንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ለዕጢ ሕክምናም ይውላል። ችግሩ የኤሌክትሮኖቹ ጠባይ ነው። አንዴ ቀጥ ብለው ይመጣሉ፣ አንዴ ወደ ጎን ይወላገዳሉ፣ አንዴ ጭራሹኑ ይቀራሉ። ድምቡሼ የሌዘሩን እያንዳንዱን ተኩስ ትለካለች። ከሞገዱ የወጡት ኤሌክትሮኖች በማግኔት መሐል እንዲያልፉ ታደርጋለች፤ ማግኔቱ ፈጣኖቹን ትንሽ፣ ዘገምተኞቹን ብዙ ያጎብጣቸዋል። ከዚያ አንድ ሰሌዳ ላይ ሲያርፉ ሰሌዳው ብልጭ ይላል፣ ካሜራው ቀለብ ያደርገዋል። የት ላይ ብልጭ እንዳለ አይታ ፍጥነታቸውን ታውቃለች።

«እንግዲህ እንደ ሰፈር ልጆች ናቸዋ» አሉ አያት። «ጥግ ላይ ሲታጠፉ አይተሽ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«በትክክል!» ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸው፤ ልጣጩን ግን ማጠቢያው ውስጥ ትታው ሄደች።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ።

«መነጽርሽን?»

«ይዣለሁ።»

«ባጅሽን?»

«አለ።»

«ሌዘሩን አፍጥጠሽ እንዳታዪው!»

«እሺ።»

«ጸጉርሽን ሰብስቢው፤ ማሽን ጸጉር ይወዳል።»

«እሺ እማማ።»

ይህ በየቀኑ ስለሚደጋገም ከደረጃው ወዲያ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ አዋላጅ በቃላቸው ይዘውታል። በራቸውን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው «ካልሲሽንስ?» ብለው ይጮኻሉ። ድምቡሼ ሳቋን ይዛ ደረጃውን ትንደረደራለች፤ አያት ደግሞ «ይቺ ሴትዮ ትቀልዳለች፤ እውነት ግን ካልሲ አድርጋ ይሆን?» እያሉ ወደ ውስጥ ይመለሳሉ።

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ መሐል አያት የሚተማመኑት በባጁ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታህል ፕላስቲክ ናት፣ ከልብስ ላይ መቆንጠጫ አላት። ድምቡሼ መጀመሪያ ያሳየቻቸው ቀን «ጨረር ክፍል የሚገባ ሁሉ ይቺን ያደርጋል። ይቺ እያለች አንቺ አታስቢ» አለቻቸው። አያትም ቃሏን አምነው የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወታደር ጋሻ አለው፣ ግንበኛ የብረት ቆብ አለው፣ የእኔም ልጅ ባጅ አላት ብለው ተጽናኑ።

ባለፈው ወር ወገባቸውን ያዛቸው። ሲያጎነብሱ ስንጥር የገባበት ያህል ይወጋቸዋል፤ ቀና ሲሉ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ለድምቡሼ ትንፍሽ አላሉም። የሌዘሩ ተራ እየደረሰላት ነው፤ ለብዙ ቡድን የሚደርሰው አንድ ሌዘር ነው፣ ያመለጠው ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። አሁን አመመኝ ቢሏት ሁሉን ጥላ አጠገባቸው ትኮለኮላለች። ስለዚህ እሷ ስትገባ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠብቋታል። «ምነው እማማ ዛሬ ንግሥት መሰልሽ?» ስትላቸው «ድሮስ ምን ነበርኩ?» ይላሉ።

አዋላጇን ግን ማታለል አልተቻለም። ከደረጃው ሲወርዱ አይተው «አንቺ ሴት፣ እንዲህ የሚሄዱ ነፍሰ ጡሮችን ስንቱን አይቻለሁ። ወይ አርግዘሻል ወይ ወገብሽን ነው» አሏቸው። «ራጅ ትነሺያለሽ፤ እኔ ነኝ ይዤሽ የምሄደው።»

ራጅ! አያት የደነገጡት ከሕመሙ ይልቅ በዚህ ነው። ራጅ ማለት ጨረር፣ ጨረር ማለት ያ የማይታየው ጉድ። በቀጠሮው ጠዋት ድምቡሼ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ገና ተኝታለች። ካፖርቷ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኮሌታው ላይ ደግሞ ባጇ። ደንቡ ባጅ ላቦራቶሪው በር ላይ ባለው የባጅ መስቀያ ሰሌዳ ላይ ይደር ይላል፣ ድምቡሼ ግን እየረሳች ይዛው ትመጣለች። አያት ባጁን አዩት። ግራና ቀኝ ገልመጥ አሉ፣ በገዛ ቤታቸው! ከዚያ ነቅለው ከቀሚሳቸው ሥር፣ ከውስጥ ልብሳቸው መቀነት ላይ፣ ወገባቸውን ልክ በሚያማቸው ቦታ ቆነጠጡት። ለአንድ ጠዋት መዋስ ነው። ልጅቷ ዛሬ አትሠራም፣ ጋሻዋም ሥራ ፈትቷል።

ራጅ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ባለሙያ ከደጅ በተሰለፈው ሰው ተጨናንቃለች። «ብረት ነገር ሁሉ ያውጡ» አለቻቸው። ሐብላቸውን አወጡ፣ ጉትቻቸውን አወጡ፣ የጸጉር ሽቦዎቻቸውን እንኳ አንድ በአንድ ለቀሙ። ፕላስቲኳን ብረት አላሏትም። ባለሙያዋ ወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ሄዳ በመስተዋቷ እያየች «ትንፋሽ ያዙ!» አለች። አያት ቀዝቃዛው አልጋ ላይ ተጋድመው ትንፋሻቸውን ያዙ፤ በሆዳቸውም ባጁን «በርታ እንግዲህ» አሉት። ደጋግማ አነሳቻቸው፣ ምንም አልተሰማቸውም። ባጁ ሠራ ማለት ነው ብለው ደስ አላቸው።

ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አጥንቱን አየና እንቅስቃሴና ቅባት አዘዘ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ፣ «ይቺ አራት ማዕዘን ነገር ምንድን ናት?» አላቸው።

«የቀሚሴ ጌጥ ናት» አሉ አያት ፈጠን ብለው።

ቤት ሲመለሱ ድምቡሼ ገላዋን ትታጠባለች። ባጁ ኮሌታው ላይ ተመለሰ። ፊልሙ ከነፖስታው ቁምሣጥን ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ገባ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ያለቀ መሰላቸው።

ባጆቹ በወሩ መጨረሻ ተሰብስበው ውስጣቸው ያለው ፊልም ይታጠባል፣ ይነበባል። ሐሙስ ዕለት ድምቡሼ ገና ቀን ሳለ ቤት ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ከላቦራቶሪው አገዱኝ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ባጄ ላይ ጨረር ተገኘ። ብዙ። ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ በሩን እንዳላልፍ ተባልኩ። ተራችን ደግሞ ሰኞ ነው።»

አያት አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ልባቸው ግን፣ መቼም ሰው በልቡ ያለውን አይሸሽገውም፣ መጀመሪያ ያለው «ተመስገን» ነው። ልጅቷ ቤት ናት። መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ግንባሯን ዳሰሱት፣ ምላሷን አስወጥተው አዩት፣ ዓይኗን ገልጠው መረመሩት። ከዚያ ሾርባ ጣዱ። «ይሄ ሁሉ ሊሆን የሚገባው ነው፤ እኔ ስል አልነበር?» እያሉ ሽንኩርቱን በኃይል ከተፉት።

ድምቡሼ ግን ሾርባውን አልነካችውም። ጠረጴዛው ላይ በጣቷ መስመር ትስላለች፦ እዚህ ጋዙ፣ እዚህ ማግኔቱ፣ እዚህ ኤሌክትሮኖቹን የሚውጠው የእርሳስ ግንብ።

«ማግኔቱን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለመለካት እንዲመቸኝ ትንሽ ገፋ አድርጌው ነበር። ጎብጠው ግንቡን ስተው አልፈው ይሆናል። ግድግዳውን ሁሉ ለኩት፣ ምንም የሚያፈስ ነገር የለም። ግን ባጁ አይዋሽማ! እነሱ መሄድ በሌለባቸው ከሄዱ ደግሞ፣ የት እንደሄዱ አውቃለሁ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የለካሁት ሁሉ ጠማማ ነው። ሰኞ ቡድናችንን ለምትመራው ፕሮፌሰር ጣሉት ልላት ነው።»

«ምኑን?»

«ልኬቴን። ሁሉንም።»

አያት ማንኪያውን አስቀመጡ። እሳቸውን ያብከነከናቸው ግን ሌላ ነው። «ቆይ፣ ባጁ ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር? አልጠበቀሽም?»

«ባጅ ምን ይጠብቃል እማማ? ይቆጥራል እንጂ።»

«ምን ማለት ነው ይቆጥራል?»

«ያገኘውን ጨረር ይመዘግባል። በቃ። እንደ ሚዛን በይው። ሚዛን ከውፍረት ያድናል እንዴ?»

«እና የማንን ነው የሚመዘግበው?»

«ማንንም አያውቅም፤ የነካውን ጨረር ነው። ወንበር ላይ ብታደርጊው የወንበሩን ይመዘግባል።»

አያት ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ የዛሬው ግን የንግሥት አቀማመጥ አልነበረም። ወገባቸው ላይ፣ ባጁ የነበረበት ቦታ፣ ትኩስ ነገር ያረፈበት መሰላቸው። «ሾርባሽ በረደ» አሉ።

በማግሥቱ ድምቡሼ ከላቦራቶሪው ጋር በስልክ ስትነጋገር እሳቸው ደረጃውን ተሻግረው አዋላጇ ዘንድ ገቡ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፉት። አዋላጇ እስከ መጨረሻው ሰሙና ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ዓይናቸው እስኪያለቅስ፣ መነጽራቸው እስኪወድቅ።

«ጌጥ ናት አልሽው? የቀሚሴ ጌጥ?»

«አትሳቂ! ምን ላድርግ ነው የምልሽ።»

«ምን ታደርጊያለሽ፣ ትነግሪያታለሻ።»

«ብነግራት እኮ ትመለሳለች» አሉ አያት። «እኔ ያቺን ልጅ በየቀኑ ስሸኝ የኖርኩት ባጁ ይጠብቃታል ብዬ ነው። ለካ ባዶዋን ነው የላክኋት። አሁን ዝም ካልኩ ቤት ትቀራለች። ሌላ ሥራ ታገኛለች። መስኮት ያለው ሥራ።»

አዋላጇ መነጽራቸውን አንስተው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። መሳቁንም ተዉት።

«ቤት ትቀራለች፤ እሺ። ግን እንዴት ሆና? ሰው ራሱን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲቀመጥ መስኮት ምን ይሠራለታል? እሷ አጥፍታ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ያጠፋሽው ግን አንቺ ነሽ።»

አያት ተቆጥተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከቤታቸው ውስጥ የድምቡሼ ድምፅ ይሰማል። «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ማግኔቱን ያንቀሳቀሰ ሌላ ሰው የለም» ትላለች ለስልኩ። ሕፃን ሆና ስኒ ስትሰብር «እኔ ነኝ» ብላ የምትመጣበት ድምፅ ነበር። ገብተው ሊነግሯት ነበር፤ በሩን ሲከፍቱ ግን ድፍረቱ ጥሏቸው ሄደ። «ምሳ ምን ይሁንልሽ?» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። የላቦራቶሪው የጨረር ተቆጣጣሪ ነው፤ መላጣ፣ ቦርሳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው። ሰላምታ ሳይጨርስ ዓይኑ ወለሉ ላይ አረፈ። «ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ምንጣፍ ጫፉ ተነስቷል፤ ይጥልዎታል።» ጎንበስ ብሎ አስተካከለው። ሲቀመጥ ደግሞ የውሃ ማፍያውን ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ራቅ አደረገው። አያት ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ሁሉ ሲሳቅባቸው፣ አንድ የሚመስላቸው ሰው በእግሩ ቤታቸው መጣ።

ተቆጣጣሪው ከቦርሳው የታጠበችውን የባጅ ፊልም አውጥቶ ለድምቡሼ አሳያት። «ይሄ ነገር አላስተኛኝ አለ። ባጁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶች ጥላቸውን ጥለዋል፣ ተመልከቺ። የእኛ ማሽን ጨረር ብርቱ ነው፣ እነዚህን ብረቶች ከምንም አይቆጥራቸውም። ይሄኛው ግን ብረቶቹን ማለፍ ያቃተው ደካማ ጨረር ነው። ደግሞ የጥላው ጠርዝ ቁልጭ ያለ ነው። ሰው እየተንቀሳቀሰ ቢሠራ ይደበዝዝ ነበር። ይሄ ባጅ ጨረሩ ሲያገኘው ትንፋሹን የያዘ ሰው ላይ ነበር።»

አያት ያን ጊዜም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ሐኪም ቤት ሄደሽ ራጅ ተነስተሻል?»

«ኧረ አልተነሳሁም» አለች ድምቡሼ።

«ባጁ ቤት መጥቶ ያውቃል?»

ድምቡሼ ጆሮዋ ቀላ። «አንዳንዴ… ካፖርቴ ላይ ይቀራል።»

«ካፖርትሽ ላይ!» ተቆጣጣሪው ልጁ መንገድ ላይ እንደጠፋበት ሰው ጭንቅላቱን ያዘ።

አያት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ባጅ የማይጠብቃት ከሆነ፣ ልጅቷን ማነው የሚጠብቃት?»

ድምቡሼ «እማማ፣ አሁን ይሄ…» ስትል ተቆጣጣሪው በእጁ ዝም አሰኛት። ወንበሩን ወደ አያት አዞረ።

«ግድግዳው ይጠብቃታል፤ ከክንዴ ርዝመት በላይ ውፍረት አለው። በሩ ይጠብቃታል፤ ክፍት ከሆነ ሌዘሩ አይተኩስም፣ እንቢ ይላል። ማሽኑ ሲሠራ ውስጥ ሰው አይኖርም፣ ሁሉም ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ይሄም ሆኖ እኔ አላምንም። ከመተኮሱ በፊት ራሴ ገብቼ ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ሰው አለመኖሩን አያለሁ።»

«ጠረጴዛ ሥር?»

«ጠረጴዛ ሥር። ይስቁብኛል። ሥራዬ መስጋት ነው።»

«ደመወዝ ይከፍሉሃል?» ሳያስቡት አንተ አሉት።

«ይከፍሉኛል።»

«እኔ በነጻ ነው የምሠራው» አሉ አያት።

ድምቡሼ ከታገደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያ ሳቅ ነው ነገሩን የጨረሰው። አያት ሊነሱ ሞክረው ግማሽ ላይ ቀሩና ወንበሩን ደግፈው ቆሙ።

«ድምቡሼ፣ ቁምሣጥኑ ላይ ከብርድ ልብሱ ሥር ፖስታ አለ። አውርጂልኝ።»

«የምን ፖስታ?»

«አውርጂው አልኩሽ። እኔ እጄን ማንሳት አልችልም።»

አወረደችው። አያት ፊልሙን አወጡና መስኮቱ ላይ፣ ብርሃኑ ላይ ዘረጉት። ነጭ የአከርካሪ አጥንት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ከታች በኩል፣ ከአጥንቱ ጎን፣ ቁልጭ ያለች አራት ማዕዘን።

«ይኸው» አሉ። «እኔ ነኝ። ከጨረር የምትጠብቀኝ መስሎኝ ተውሼው ሄድኩ። ማግኔቱን ያንቀሳቀሰም የለ፣ የሳተም የለ። ትንፋሹን የያዘው ሰው እኔ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። የባጁን ፊልም ከአራት ማዕዘኗ ጎን አስጠግቶ አንዴ ይቺን አንዴ ያቺን ያያል። «ብረቶቹ! እነዚሁ ብረቶች ናቸው፣ በዚሁ አደራደር! ኧረ እናቴ፣ ምን ዓይነት ንጹሕ ምስል ነው!» ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረውም።

ድምቡሼ ግን አራት ማዕዘኗን አላየችም። ጣቷን አንስታ የታችኛውን አጥንት፣ ወደ አንድ ጎን የተጫነውን፣ መስተዋቱ ላይ ነካችው።

«ይሄ ያንቺ ወገብ ነው?»

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እርጅና ቀን አይቆጥርም። ቅባት ሰጥተውኛል።»

«ቅባት! ሐኪም ቤት ሄደሽ፣ ራጅ ተነስተሽ፣ ለእኔ አንድ ቃል ሳትነግሪኝ? ለዚህ ነው ወንበር ላይ ተገትረሽ የምትጠብቂኝ?»

«ትሰጊያለሽ ብዬ ነዋ!»

«ታዲያ ልስጋ! የምን መሸሸግ ነው? እኔ ከጣት የቀጠነ ነገር ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሮን እለካለሁ፣ አንቺ እዚህ ፊቴ ጎብጠሽ አላየሁሽም!» ብላ ወጥ ቤት ገባች። የቧንቧው ውሃ ሲከፈት ተሰማ፤ የሚታጠብ ሳህን ግን አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ፊልሞቹን ይዞ መሐል ቤት ተገትሮ ቀረ። «ይሄንን ለጥቂት ቀን ያውሱኝ እናቴ፣ ለፕሮፌሰሯ አሳያታለሁ። ሰኞ ትገባለች» አለ በለሆሳስ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ጮክ ብሎ፣ «ባጁ ግን ከዛሬ ጀምሮ ካፖርት ላይ ቢገኝ የማግድሽ እኔ ነኝ!»

ሲወጣ ምንጣፉን ደግሞ አንዴ በእግሩ ጫን አደረገው።

አያት ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱና በሩን ተደገፉ። ድምቡሼ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

«ልኬትሽስ?» አሉ በፍርሃት። «ይጣላል?»

«አይጣልም» አለች ሳትዞር። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ኤሌክትሮኖቼ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት። ጠማማው ያንቺ ወገብ ነው።»

«ባለጌ» አሉ አያት። ዓይናቸው ሞላ።

እሑድን ሲነታረኩ ዋሉ። ድምቡሼ በተራዋ ጥያቄ ጀመረች፦ ቅባቱን ተቀባሽ? እንቅስቃሴውን ሠራሽ? ምን አነሳሽ? ለምን አነሳሽ? ጠዋት የሠሩትን እንቅስቃሴ አልቆጥርም ብላ ደግማ አሠራቻቸው። አያት ወለሉ ላይ ተጋድመው ጉልበታቸውን አቅፈው «ይቺ ልጅ አበደች፤ ከማን ነው የወረሰችው?» ሲሉ፣ በተከፈተው በር የገቡት አዋላጅ «እኔን አትዪኝ፤ እኔ ካልሲ ብቻ ነው የምጠይቀው» አሉ። በመጨረሻ ድምቡሼ ውል አቀረበች። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንድ ቃል የተነፈሰ ተሸነፈ።

«እኔ ዝም እላለሁ» አሉ አያት። «አንቺ ነሽ የማትችይው።»

ሰኞ ጠዋት ድምቡሼ ካፖርቷን ለበሰች። ኮሌታው ላይ ምንም የለም፤ ባጁ ላቦራቶሪው በር ላይ፣ ሰሌዳው ላይ እየጠበቃት ነው። አያት በሩ አጠገብ ቆመው ከንፈራቸውን በጥርሳቸው ያዙ። መነጽሯ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት። ጸጉሯም ደረሰ፣ ዋጡት። ግድግዳው ክንድ ያህላል፣ ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር የሚያይ ሰው አለ እያሉ በሆዳቸው ደጋገሙት፤ ሆዳቸው ግን አሁንም አላመነም።

ድምቡሼ አየቻቸው። የካፖርቷን ኪስ ገልጣ የመነጽሯን ጫፍ ብቅ አደረገች። ጸጉሯን ሰብስባ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ከዚያ በጣቷ ወደ ወገባቸው ጠቆመች፣ ቅንድቧንም ከፍ አደረገች።

አያት ወንበሩን ሳይደግፉ፣ ቀስ ብለው፣ የቻሉትን ያህል ቀና አሉ።

ከደረጃው ማዶ የአዋላጇ በር ገርበብ ብሏል፤ ዛሬ ከዚያም ድምፅ የለም። ድምቡሼ ደፉ ላይ ቆማ የሱሪዋን ጫፍ ከፍ አደረገች። ካልሲ አድርጋለች፣ ወፍራሙን። አያትን አየች፣ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን አልሳቀችም፣ አልተናገረችምም። በሩን በቀስታ ሳብ አድርጋ ዘግታው ወጣች።